«ራሱ ፈልጎ ነው የሄደው»፦ አደጋ ፍለጋ የወጣን ሰው የማዳን ግዴታ አለብን?



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አልጽፍም። የምጽፈው ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ስለሰማኋት አንዲት አባባል ነው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት ይመጣል። ሄልሜት አላደረገም፤ ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ ይላል። ካመጡት ሰዎች አንዱ፣ አንዳንዴም ከደከምነው ከእኛ ከባለሙያዎቹ አንዱ «ራሱ ፈልጎ ያመጣው ነው፤ ይበለው!» ይላል። እጃችን ግን ሥራውን አያቆምም። የመተንፈሻ ቧንቧውን እንከፍታለን፣ የሚፈሰውን ደም እናቆማለን፣ ጉሉኮስ እንሰካለን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቅድሚያ የሚያገኘው ይበልጥ የታመመው እንጂ ይበልጥ ንጹሕ የሆነው አይደለም። ይህ ለማንም ሐኪም አከራካሪ አይደለም።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚያ እኔ የማጣው እንቅልፌን ብቻ ነው። ወለሉ ሜዳ ነው፤ ኦክስጅኑ አጠገቤ ነው። አዳኙ ሌላውን ለማዳን የራሱን ሕይወት ማስያዝ ካለበትስ? ያውም የሚድነው ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ለመዝናናት ብሎ የገባበት አደጋ ከሆነ?

በእኛም ከተማ ሃይኪንግ ከተለመደ ሰነበተ። እንጦጦና ወንጪ የጀመረው ወጣት ራስ ዳሽንና ዳናኪልን ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው የፈረንጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። መነሻችንን ግን ጥያቄው በግልጽ ከታየበት ቦታ፣ ከኤቨረስት እናድርግ።

8,000 ሜትር ላይ ሰውነት ምን ይሆናል?

የኤቨረስት ከፍታ 8,849 ሜትር ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ ያለውን ክፍል ተራራ ወጪዎች «የሞት ቀጠና» ይሉታል። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪ ሐኪሞች ራሳቸው ኤቨረስትን ወጥተው ሲመለሱ፣ 8,400 ሜትር ላይ በዚያ ብርድ ልብሳቸውን ከፍተው ከታፋቸው የደም ቧንቧ ደም ቀድተው ነበር። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ጤነኛ ሰው በደም ቧንቧው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የእነሱ አማካይ 24.6 ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት ድንገተኛ ክፍል ቢመጣልኝ ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል፣ ወይ ሰውየው እየሞተ ነው ብዬ እሮጣለሁ። እነሱ ግን በእግራቸው ቆመው ነበር፤ ሰውነታቸው ለሳምንታት ቀስ በቀስ ተለማምዶ ስለነበር።

ይህ ማለት እዚያ ላይ ጤነኛ የሚባለው ሰው ራሱ በሞት አፋፍ ላይ ነው። አእምሮው እንደ ሰከረ ሰው ይዘገያል፤ ራሱን ተሸክሞ ሁለት እርምጃ ለመራመድ ቆሞ ይተነፍሳል። መራመድ ያቃተውን ሌላ ሰው ማውረድ ደግሞ የብዙ ሰውና የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ «ለምን ተሸክመው አላወረዱትም?» የሚለው ጥያቄ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲጠየቅ ቀላል ነው።

ቀላል ባይሆንም ግን መልስ አለው።

በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰዎች

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2006 ነው። ዴቪድ ሻርፕ የተባለ የ34 ዓመት እንግሊዛዊ ያለ ሼርፓ፣ ያለ ሬድዮ፣ በሁለት የኦክስጅን ጠርሙስ ብቻ ኤቨረስትን ለመውጣት ሄደ። ከ8,400 ሜትር በላይ፣ መንገዱ ዳር ባለች የድንጋይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀረ። በወቅቱ እንደተዘገበው 40 ያህል ሰዎች በአጠገቡ አልፈዋል። አንዳንዶቹ አላዩትም፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ የሞተ ሰው መሰላቸው፤ ጥቂቶች ኦክስጅን ሰጥተው ሊያስነሡት ሞክረዋል። አልተቻለም፤ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጋይ ጋር ኤቨረስትን በመጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በሕይወት ነበርና፣ የተራራ ወጪዎቹን አድራጎት በአደባባይ አወገዘ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በዚያው ተራራ፣ በዚያው መስመር፣ እንዲያውም ከፍ ብሎ፣ ሊንከን ሆል የተባለ አውስትራሊያዊ ተቀምጦ ተገኘ። በዋዜማው ከጫፉ ሲወርድ አእምሮው ተዛብቶ ወደቀ። አብረውት የነበሩ ሼርፓዎች ለሰዓታት ሊያወርዱት ታግለው፣ ኦክስጅናቸው ሲያልቅና ሲመሽ ትተውት እንዲወርዱ ታዘዙ። ለቤተሰቡም መርዶው ተነገረ። በነጋታው ጠዋት ወደ ጫፉ ሲወጡ የነበሩ አራት ሰዎች፣ ዳን ማዙር የሚመራቸው፣ በሕይወት አገኙት። ጫፉ ቅርብ ነበር፤ አየሩም ጥሩ ነበር። መውጣቱን ተዉት። ነፍስ አድን ሼርፓዎች ከታች እስኪደርሱ ኦክስጅንና የሚጠጣ ነገር እየሰጡት አብረውት ቆዩ። ሆል የጣቶቹን ጫፍ አጥቶ አገሩ ገባ።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ናቸው አልልም። ሆል ቆሞ መራመድ ቻለ፤ ሻርፕ አልቻለም፤ ይህ በሕክምና ትልቅ ልዩነት ነው። ግን ከሁለቱ አንድ ነገር ይገባኛል፦ ጫፉን መተውና ሕይወትን መተው አንድ አይደሉም። አዳኝን «ሙትለት» ብሎ የሚያዝዝ ሥነ ምግባር የለም። «ሽርሽርህን ተውለት» ማለት ግን ይቻላል።

አዳኙ ማን ነው?

ስለ ኤቨረስት ሲወራ ስሙ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የወጪው ነው። ገመድ የሚዘረጋው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ የወደቀውን የሚያነሣው ግን በአብዛኛው ሼርፓው ነው። ሼርፓ የሥራ ስም አይደለም፤ በኔፓል ተራሮች የሚኖር ሕዝብ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በኤቨረስት የበረዶ ናዳ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞች ሞቱ። መንግሥት መጀመሪያ ለሟች ቤተሰብ ያቀረበው 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ነበር። ለአንድ የውጭ አገር ሰው የኤቨረስት መውጫ ፈቃድ ብቻ በአሥር ሺህ ዶላሮች በሚቆጠርበት አገር! ሼርፓዎቹ በቁጣ ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት ጉዞም በዚያ በኩል ተቋረጠ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 ደግሞ ጌልጄ ሼርፓ የተባለ አስጎብኚ አንድ ቻይናዊ ደንበኛ ይዞ ወደ ጫፉ ሲወጣ፣ ከ8,300 ሜትር በላይ ገመድ ጨብጦ በብርድ የሚንቀጠቀጥ አንድ የማሌዥያ ሰው አገኘ። ደንበኛውን «ጫፉ ይቅር» ብሎ አሳመነው። ሰውየውን በመኝታ ፍራሽ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አሰረው። ለስድስት ሰዓት ያህል አንዴ እያዘለ አንዴ እየጎተተ ወደ ታችኛው ካምፕ አወረደው። ከዚያ ሌላ ሼርፓ ተጋገዘው፤ ሄሊኮፕተር ከሚደርስበት ቦታ ሲደርሱ ሰውየው ተወሰደ፤ ዳነም።

ይህ የምሥራቹ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ በፓኪስታኑ ኬ-ቱ ተራራ የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ የ27 ዓመት ፓኪስታናዊ ተሸካሚ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከ8,000 ሜትር በላይ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ወደቀ። ለዚያ ከፍታ የሚሆን ሙሉ ልብስም ኦክስጅንም አልነበረውም። ኦክስጅን ሰጥተውት አጠገቡ የቆዩ ነበሩ። ብዙዎች ግን ተሻግረውት ሲያልፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አስቆጣ። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል። እሱ ወደዚያ የወጣው ለእንጀራ ነበር። እሱ ነበር «ራሱ ፈልጎ የሄደው»?

አሁን የእኔን ልንገራችሁ

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዳኛ መስዬ እንዳልቀር፣ የራሴን ጥፋት ላውጣ።

ከዓመታት በፊት፣ ወሩ ኅዳር ነበር፤ እኔና ሦስት ጓደኞቼ የሦስት ቀን ፈቃድ አመቻችተን ወደ ስሜን ተራሮች ሄድን። ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር ገባን። ከጎንደር በመኪና ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሳናርፍ ጨነቅ። በአንድ ቀን ከ3,600 ሜትር በላይ ወጥተን ድንኳን ተከልን። ለሌላ ሰው ብሆን «አይሆንም» ብዬ የምቆጣበት ፕሮግራም ነው። ፈቃዴ አጭር ስለነበረ ግን ለራሴ ፈቀድኩ።

ሌሊት ራሴን ፈለጠኝ፤ አስመለሰኝም። «የመንገድ ድካም ነው» ብዬ ፓራሲታሞል ዋጥኩና ተኛሁ። ጠዋት አስጎብኚያችን ፊቴን አይቶ «ዶክተር፣ ዛሬ ቢያርፉስ?» አለኝ። «ሐኪሙ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። አሁንም ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች።

የምንወጣው ቧሂት ተራራ ነው፤ ከ4,400 ሜትር በላይ። ጫፉ አቅራቢያ እግሬ እንደ ሰካራም ይጠላለፍ ጀመር። ጓደኛዬ ቀኑን ቢጠይቀኝ ያልሆነ ነገር መለስኩለት። እኔ ይህን የማስታውሰው ግማሽ ግማሹን ነው፤ ቀሪውን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ወዲያው በረዶ መዝነብ ጀመረ። በቅሎዋ በዚያ ገደላማ መንገድ ላይ አልሄድም ብላ ቆመች። ባለ በቅሎው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ገበሬ፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ አዘለኝና ቁልቁል ወረደ።

መንገድ ላይ አንሸራተተው። እኔ ላዩ ላይ ወደቅኩ፤ የእሱ እጅ ከሥር ቀረ። አንጓው ተሰበረ። ተነሣ፤ እጁን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ በሌላው ትከሻው ደግፎኝ ጨነቅ ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ በመኪና ደባርቅ። ከፍታው እየቀነሰ ሲሄድ ራስ ምታቱ እንደ ሸክም ወረደልኝ። መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነበር። ያንን ማታ አድርጌው ቢሆን ኖሮ በገዛ እግሬ እወርድ ነበር።

የእሱ እጅ ጄሶ ታሰረ። የሕክምናውን ከፈልኩ፤ ጉርሻም ጨመርኩ። ማታ «ጥለውኝ ሰው ለመጥራት ለምን አልወረዱም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሰው ጥሎ የወረደ ተብዬ በምን ፊቴ ቀዬ እገባለሁ፣ ዶክተር?» አሉኝ። እኔም ሂሳቤን የዘጋሁ መስሎኝ አዲስ አበባ ገባሁ።

ከሳምንታት በኋላ ወደ አስጎብኚው ደውዬ ስለ እጃቸው ጠየቅኩ። «እጃቸው ደህና ነው። ገብሱን ግን ጎረቤት በደቦ አጨደላቸው» አለኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ወሩ የአጨዳ ወር መሆኑን አንዴም አላሰብኩም ነበር። ለአጥንታቸው ከፍያለሁ፤ ለአዝመራቸው ግን አልከፈልኩም። የእኔን ዕዳ የማላውቃቸው ሰዎች ማጭድ ይዘው ወጥተው ከፍለውልኛል። ዘግይቼም ቢሆን ገንዘብ ላክሁ። ግን እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ገደሉ በዚያ በኩል ቢሆን ኖሮስ? ለእኚያ ሰው ልጆች ምን ብዬ ነበር የምነግራቸው? «ለፎቶ ወጥቼ ነው» ልበላቸው?

«መከራ ይምከረው» እንጂ «መከራ ይግደለው» አይደለም

አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ተረት ለግዴለሽ ሰው ሲጠቅስ እሰማለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ተረቱ መከራ ይምከረው ነው የሚለው። ለመመከር ደግሞ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። እኔ ያን ቀን ብቀር ኖሮ ምንም አልማርም ነበር።

«ራሱ ፈልጎ ነው» የሚለው አነጋገር ደግሞ አንዴ ከተለመደ የት እንደሚቆም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2023 አምስት ሰዎችን የያዘች ታይታን የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ የታይታኒክን ስብርባሪ ልታሳይ ስትወርድ ጠፋች። የአንዱ ሰው ትኬት 250,000 ዶላር ነበር። የአሜሪካና የካናዳ መርከቦችና አውሮፕላኖች ለቀናት ፈለጓት፤ በአራተኛው ቀን ስብርባሪዋ ተገኘ፤ አምስቱም ሞተዋል። ብዙ ሰው «ሀብታሞች ናቸው፣ ይበላቸው» ብሎ ቀለደ።

ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 14፣ በግሪክ ባሕር አጠገብ ወደ 750 ሰው ሳትጭን እንዳልቀረች የተገመተች የስደተኞች ጀልባ ሰጥማ ነበር። የተረፉት 104 ብቻ ናቸው። የዓለም ዓይን ግን ከ750ው ይልቅ ወደ አምስቱ ዞረ። ስለ እነዚያ ስደተኞችስ ያው ቃል አልተባለም? «ማን ሂዱ አላቸው? ራሳቸው ፈልገው ነው።»

በየመን መንገድ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ልጆቹን ያጣ አገር ይህችን አባባል ጠንቅቆ ያውቃታል። በእርግጥ በመዝናናትና በችግር መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ግን ውኃ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ሲዘረጋ «ለምን ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ካስቀደምን፣ መጀመሪያ የሚሰጥመው ባለ ገንዘቡ አይደለም፤ ድሃው ነው። ለዚህ ነው እኔ በዚህ ጉዳይ የማልደራደረው። ሕይወት ማዳን ለብልህ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። መጀመሪያ ይዳን፤ ከዚያ ይወቀስ።

ታዲያ ወጪውን ማን ይክፈል?

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት በግዴለሽነቱ አደጋ ላይ የወደቀን ተራራ ወጪ የነፍስ አድኑን ወጪ ሊያስከፍለው ይችላል። ቀደም ብሎ 25 ዶላር ከፍሎ ዓመታዊ ካርድ ያወጣ ሰው ግን ለተራ ቸልተኝነት አይከፍልም። በስዊዘርላንድ ሬጋ የተባለው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሕዝቡ በየዓመቱ በሚያዋጣው ገንዘብ ይደገፋል፤ ላዋጡትም የማዳኑን ወጪ ሊተውላቸው ይችላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ ሂሳብ አይላክም? የሚቃወሙት ራሳቸው በጎ ፈቃደኛ የተራራ ነፍስ አድን ሠራተኞች ናቸው። ምክንያታቸው ለእኛ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም፦ ሂሳብ የሚፈራ ሰው ዘግይቶ ይደውላል። ቀን ላይ በሁለት ሰው የሚወርደው፣ ሌሊት በአሥር ሰው ይወርዳል፤ አዳኞቹም በጨለማ ገደል ላይ ይሆናሉ። ሆስፒታልም ያው ነው። ወጪ ፈርቶ ቤቱ የተቀመጠ የትርፍ አንጀት ሕመምተኛ አንጀቱ ፈንድቶ ይመጣል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ክፍያው ከአደጋው በኋላ እንደ ቅጣት ሳይሆን፣ ከጉዞው በፊት እንደ መዋጮ ይሁን። ኢንሹራንሱም ለሚወጣው ብቻ አይሁን፤ ለሚሸከመውም ይሁን።

አዳኙም «አልችልም» የማለት መብት ይኑረው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የምናስተምረው ነገር የራስህን ደህንነት አረጋግጥ የሚለው ነው። አንድ ተጎጂ ሁለት እንዳይሆን።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የጤና ምክር

ሃይኪንግ አትሂዱ አልልም። ለልብ፣ ለስኳር፣ ለአእምሮ ጤና የሚሰጠውን ጥቅም ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው። የሚከተሉትን ያዙ፦

1. የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊከሰት ይችላል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በመጠኑ የለመደ ነው፤ ይህ ግን ለ4,000 ሜትር ዋስትና አይሆንም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን መጥታችሁ በሦስተኛው ቀን ስሜን ተራሮች ላይ የምትገኙ ወገኖች በተለይ ተጠንቀቁ።

2. ጉልበትና ስፖርተኝነት አያድኑም። ወጣትና ጠንካራ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ይብስበታል እንጂ አይቀርለትም።

3. ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ቀን እረፉ። በስሜን ተራሮች ደባርቅና ሳንቃበር ማደር ጊዜ ማባከን አይደለም፤ መድኃኒት ነው።

4. ከፍታ ላይ ራስ ምታት መጥቶ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም ማዞር ከተጨመረበት፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው በሉ። ከዚያ በላይ አትውጡ። ካልተሻላችሁ ውረዱ።

5. ተረከዝን ከፊተኛው እግር ጣት ጋር እያገናኙ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተዛባ ወይም ያለ ልክ የሚያንቀላፋ ሰው አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለውና ሮዝ አክታ የሚተፋ ሰው ደግሞ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ገዳይ ናቸው። ኦክስጅን ካለ ስጡት፤ «ይንጋና እናያለን» አይባልም፤ ወዲያው ይውረድ። ብቻውን ግን በፍጹም አይላክ።

6. አሲታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ሕመሙን ለመከላከል ይረዳል፤ ቀስ ብሎ መውጣትን ግን አይተካም። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። የልብና የሳንባ ሕመም ያለባችሁም ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ።

7. በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ተዉ። ሁለቱም ትንፋሽን ያዳክማሉ።

8. ዳናኪል የምትሄዱ፣ የእናንተ ጠላት ሙቀቱ ነው። ሙቀት ላይ ቆይቶ የተደናገረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ወዲያው ወደ ጥላ ይግባ፤ ልብሱ ይቀነስለት፤ ውኃ እየተርከፈከፈ ይራገብለት። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይጓጓዝ። ራሱን የሳተን ሰው ውኃ ለማጠጣት አትሞክሩ።

ከመነሣታችሁ በፊት ሊያድናችሁ ስለሚችለው ሰው ጠይቁ

ይህኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ያነሰ አይደለም።

— ባለ በቅሎው፣ ስካውቱና አስጎብኚው ጫማ፣ የዝናብ ልብስና መኝታ አላቸው? ከሌላቸው ርካሽ ጉዞ አላገኛችሁም፤ የረከሰው የእነሱ ሕይወት ነው።

— እነሱ ቢጎዱ ማን ያሳክማቸዋል? ቤታቸውንስ እጃቸው እስኪድን ማን ያስተዳድራል? አስጎብኚ ድርጅቱን በግልጽ ጠይቁ። ኢንሹራንስ ከሌለ በቡድን አዋጥታችሁ ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ያዙ።

— «ይብቃ» የማለት ሥልጣን ለአስጎብኚው ስጡት፤ ያውም ከመነሣታችሁ በፊት፣ ሁሉም ሰው ባለበት። በተለይ ከመካከላችሁ እንደኔ ያለ «ሐኪሙ እኔ ነኝ» የሚል ካለ።

— የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ያ ሰዓት ሲደርስ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረውም ተመለሱ።

— የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ተናገሩ። ችግር ከመጣ ቀን ሳለ እርዳታ ጥሩ፤ ኀፍረት አያስመሻችሁ። በእኛ ተራሮች ላይ ሄሊኮፕተር ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚመጣው በቅሎ ነው፣ ወይም የሰው ጀርባ።

— ፎቶ ስትለጥፉ ያደረሷችሁንና የመለሷችሁን ሰዎችም አስታውሱ። ምስጋና ደመወዝ አይተካም፤ ደመወዝም ምስጋናን አይተካም።

ውድ ቤተሰቦቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በዜና አንድ ሰው ተራራ ላይ ቀረ ሲባል «ራሱ ፈልጎ ነው» የምትለዋ ቃል አፋችሁ ላይ ስትመጣ ለአፍታ ያዟት። እኔም ራሴ ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ከእኔ የማይጠብቁት አንድ ገበሬ በተሰበረ እጃቸው መልሰውኛል፤ እነሆ ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ።

በዚህ በዓል ተራራ ለመውጣት የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱት።

መልካም ጤና ይብዛላችሁ!